ይቅር ብላ ወጣች

በክረምቱ የዕረፍት ጊዜ የወጣቶች ኅብረታችን በሁለት ተከታታይ ቅዳሜዎች ሁለት ፊልሞች አየ። ሁለቱም አንድ ታሪክ ናቸው፤ ሲንደሬላ። የመጀመሪያው ዋልት ዲዝኒ በ1950 እ.ኤ.አ. ያወጣው በእጅ የተሳለ አኒሜሽን ነው። ሁለተኛው ደግሞ ያው ድርጅት ከ65 ዓመት በኋላ፣ በ2015 እ.ኤ.አ.፣ በሰው ተዋንያን እንደገና የሠራው ነው። የኮላ ድባ መብራት እንደምታውቁት ነውና ሁለተኛውን ከመካከሉ አቋርጠን፣ ሻይ ጠጥተን፣ መብራት ሲመጣ ጨረስነው።

ሲያልቅ ክርክር ተነሣ። በመጨረሻው ላይ ሲንደሬላ ከዚያ ቤት ልትወጣ ስትል ወደ እንጀራ እናቷ ዞር ብላ ይቅር እንዳለቻት ትነግራታለች። ከዚያም ትሄዳለች። አንዱ ወንድማችን "እንዲህ በቀላሉ?" ብሎ ሳቀ። ሌላው "ክርስቲያን እንዲህ ነው እንጂ!" አለ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት እህት ግን እጇን አውጥታ ጠየቀችኝ፦ "ይቅር ካለቻት ለምን ትታት ሄደች? ትታት ከሄደችስ ምኑን ይቅር አለቻት?"

"ጥሩ ጥያቄ ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት እንመለስበታለን" ብዬ አለፍኩት። አስተማሪ መልስ ሲያጣ የሚለው ይህንኑ ነው። እውነቱን ልናገርና ይህ ጥያቄ ለእኔ አዲስ አልነበረም። ከዓመታት በፊት በሌላ መልኩ ተጠይቄው መልሻለሁ። የመለስኩትም በስሕተት ነበር። ስለዚህ አሁን የምታነቡት የዘገየ መልስ ነው፤ ለዚያች እህትም፣ ከእርሷ በፊት ለነበረችውም።

ታሪኩን የማያውቅ ጥቂት ነው። እናቷ የሞተችባት ልጅ አባቷ ሌላ ሚስት ያገባል፤ ብዙም ሳይቆይ እርሱም ይሞታል። እንጀራ እናቷና ሁለት ልጆቿ በገዛ አባቷ ቤት አገልጋይ ያደርጓታል። ስሟ እንኳ ከምድጃው አመድ የመጣ ነው። ከዚያ የንጉሡ ግብዣ፣ የመስታወት ጫማ፣ ጫማውን ይዞ የሚፈልጋት ልዑል አለ። ስለ አስማቱ ከታላላቆቻችን የተነሣውን ጥያቄ አውቃለሁ፤ እርሱን ለሌላ ቀን ላቆየው። ዛሬ የምፈልገው አስማተኛዋን ሳይሆን እንጀራ እናቷን ነው።

እስቲ ቃሉን በአማርኛችን አስተውሉት፤ የእንጀራ እናት። ያልወለደችህ፣ ግን እንጀራ የምትሰጥህ ማለት ነው። እንጀራ መስጠት ደግሞ ትንሽ ነገር አይደለም። ሳይወልዱ ያሳደጉ፣ ከራሳቸው ልጅ ያልለዩ ብዙ እናቶች በመካከላችን አሉና ቃሉን ስድብ ማድረግ አልፈልግም። ሆኖም ሰው "እንደ እንጀራ ልጅ ቆጠሩኝ" ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ሁላችንም እንረዳለን። ከማዕዱ ሳይርቅ ከፍቅር የራቀ ሰው ማለቱ ነው። በፊልሙ ያለችው ልጅ እንዲህ ያለች ናት።

ወደ መጀመሪያው ፊልም እንምጣ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ስቱዲዮው ዕዳ ውስጥ ነበረና ከዚያ ያወጣው ይህ ሥራ ነው። አሠራሩ ውስጥ ለእኛ ጥያቄ የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። ሠዓሊዎቹ ከመሳላቸው በፊት አብዛኛው ትዕይንት በእውነተኛ ሰዎች ተቀርጾ ነበር። ሄለን ስታንሊ የምትባል ተዋናይ ሲንደሬላን ሆና፣ ኤሌኖር ኦድሊ ደግሞ እንጀራ እናቷን ሆና በካሜራ ፊት ተንቀሳቀሱ። ኦድሊ ድምፁንም የሰጠችው እርሷ ናት። ሠዓሊዎቹ ያንን ቀረጻ እያዩ ሳሉ። የሚፈልጉትን ወሰዱ፣ የማይፈልጉትን ተዉ። በመጨረሻ በሸራው ላይ የቀረችው ሴት ቅንድቧ የተሰቀለ፣ በጨለማ ውስጥ ዓይኗ አረንጓዴ ሆኖ የሚያበራ ናት። የቤቱ ድመት ስም ሳይቀር ሉሲፈር ነው። ክፋቱ የት እንዳለ ማንም አይሳሳትም።

እንዲህ ያለች ሴት ላይ የይቅርታ ጥያቄ አይነሣም። ሰው ለሥዕል ይቅርታ አያደርግም። ፊልሙም ጥያቄውን አያነሣውም። ጫማው ልኳ ይሆናል፣ ደወል ይደወላል፣ ሠርግ ነው፣ አለቀ። እንጀራ እናቷ የት ገባች? ልጅቷስ ያን ሁሉ ዓመት በልቧ ምን አደረገችው? አይነገረንም። ልጅ ሆነን ስናየው ጥያቄው ትዝ አይለንም፤ ስናድግ ግን ይመጣል።

የ2015ቱን ኬኔት ብራና አዘጋጀው። ሊሊ ጄምስ ልጅቷን፣ ኬት ብላንሼት እንጀራ እናቷን ሆነው ይጫወታሉ። አሁን ሥዕል ሳይሆን የሰው ፊት ነው የምናየው፤ የሰው ፊት ደግሞ ነገር ያወሳስባል። ይህቺ ሴት ሰው በሌለበት ትተክዛለች። የመጀመሪያ ባሏን ወዳ አግብታ በሞት እንደተነጠቀች፣ ሁለተኛውን ያገባችው ለልጆቿ ብላ እንደሆነ፣ እርሱም እንደሞተባት በራሷ አፍ ትናገራለች። ለምን ይህን ያህል ትጨክኛለሽ ተብላ ስትጠየቅም ልጅቷ ወጣትና ንጹሕ ደግም ስለሆነች እንደሆነ ተናግራ፣ ስለ ራሷ የጀመረችውን ሳትጨርስ ታቋርጠዋለች። ቅናት እንደሆነ እናያለን፤ ሐዘን እንዳለበትም እናያለን። ብዙዎቻችሁ በዚያ ሰዓት "አሳዘነችኝ" ብላችኋል። እኔንም አሳዝናኛለች።

ነገር ግን እዚህ ላይ ቆም በሉ። ማዘን ይቅር ማለት አይደለም፤ የሰውን በደል ምክንያት ማወቅም በደሉን በደል ከመሆን አያወጣውም። ፊልሙ ይህን የሚያውቅ ይመስለኛል። ይቅርታው ከመምጣቱ በፊት ልጅቷ ሁለት ነገር ታደርጋለችና።

አንደኛ፣ ድርድር ትከለክላለች። እንጀራ እናቷ የተደበቀውን ጫማ አግኝታ፣ ቤተ መንግሥቱን የማዝበት ሥልጣን ከሰጠሽኝ ልዑሉ ጋር አገናኝሻለሁ ትላታለች። ልጅቷ እምቢ አለች። አባቷን ከዚህች ሴት ማዳን ባትችልም ሌላ ሰው በእጇ እንዲወድቅ አልፈቀደችም። ዋጋው ጣሪያ ሥር ባለው ክፍል መቆለፍ ሆነ። ሁለተኛ፣ እውነቱን ትናገራለች። ጠባቂው ሊያወጣት ሲመጣ ሴትዮዋ በእናትነት ሥልጣን ልትከለክላት ትሞክራለች። ልጅቷ ግን እናቴ ሆነሽ አታውቂም፣ ወደፊትም አትሆኚም አለቻት። ሳትሳደብ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ።

ይቅርታው የመጣው ከእነዚህ ሁለቱ በኋላ ነው። ከዚያም ወጣች፤ አልተመለሰችም። እንጀራ እናቷ ደረጃው ላይ ቀረች። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉት፤ እምቢታ፣ እውነት፣ ይቅርታ፣ መውጣት። ከአራቱ አንዱ ቢወጣ ሌሎቹ አይቆሙም።

አንዳንዶቻችሁ ይህ የዘመናዊ ፊልም ፈጠራ ነው ትሉ ይሆናል። አይደለም፤ ጥያቄው ከታሪኩ ጋር የኖረ ነው። ፈረንሳዊው ሻርል ፔሮ በ1697 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ተረት እኅትማማቾቹ በእግሯ ወድቀው ይቅርታ ይጠይቃሉ፤ እርሷም ታቅፋቸዋለች፣ ቤተ መንግሥት ታስገባቸዋለች፣ ለታላላቅ ሰዎች ትድራቸዋለች። በጀርመኖቹ በግሪም ወንድማማቾች ተረት ግን በሠርጉ ቀን ርግቦች መጥተው የሁለቱን ዓይን ያወጣሉ። እንግዲህ አንዱ ተረት እርቅ አለው፣ አንዱ በቀል አለው፣ የ1950ው ፊልም ዝምታ አለው። የ2015ቱ አራተኛ መንገድ አለው፤ ይቅርታ አለ፣ እርቅ ግን የለም። ግራ ያጋባን ይህ አራተኛው ነው።

አሁን ወደ ራሴ ስሕተት ልምጣ።

ከዓመታት በፊት፣ ገና ማስተማር በጀመርኩበት ጊዜ፣ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት በኋላ ልታነጋግረኝ ቀረች። ከደምቢያ ገጠር የመጣች ናት። እንደ ብዙዎቻችሁ ለትምህርት ኮላ ድባ ዘመድ ቤት ተቀመጠች። ወላጆቿ ጤፍና ሽምብራ ይልካሉ፤ በምትኩ ማደሪያና ማጥኛ ታገኛለች ተብሎ ነበር። ያገኘችው ሌላ ነው። የቤቱ እመቤት እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች፤ የምትጋግረው ግን ልጅቷ ናት። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ትነሣለች። ጠዋት ትምህርት ቤት ስትደርስ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ነው። እንግዳ ሲመጣ "ልጃችን ናት" ትባላለች፤ እንግዳው ሲሄድ ማዕዱ ይነሣል። ወደ እኔ የመጣችው የባዮሎጂ ደብተሯን ምድጃው አጠገብ ግማሹ ተቃጥሎ ካገኘችው በኋላ ነው። እሳት ማያያዣ አድርገውታል።

"ጋሼ፣ ምን ላድርግ?" አለችኝ።

ማቴዎስ 18ን ገለጥኩ። ጴጥሮስ ስንት ጊዜ ይቅር ልበል ብሎ ሲጠይቅ ጌታ የሰጠውን መልስ፣ ያን የማያልቅ ቁጥር አነበብኩላት። ታገሺ አልኳት። ዮሴፍን አስታወስኳት። እጄን ጭኜ ጸለይኩላትና ወደዚያው ቤት መለስኳት። በዚያ ቀን መልካም አገልግሎት የሰጠሁ መስሎኝ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ ትምህርቷን ትታ ሰው ቤት ልትሠራ አዲስ አበባ እንደሄደች ሰማሁ።

ያን ምዕራፍ ዛሬ ስከፍተው ያፍረኛል። ያነበብኩላት 22ኛውን ቁጥር ነው። ከዚያ በፊት፣ በዚያው ምዕራፍ ከ15 እስከ 17 ያለውን ዘለልኩት። በዚያ ክፍል ጌታ ወንድምህ ቢበድልህ ሄደህ ጥፋቱን ንገረው ይላል። ባይሰማህ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘህ ሂድ። እነርሱንም ባይሰማ ለጉባኤ ንገር። ከሁሉ በፊት ደግሞ በምዕራፉ መጀመሪያ ታናናሾችን ስለሚያሰናክሉ የተነገረ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለ። ልጅቷ ወደ እኔ መጣች ማለት ሁለተኛውን እርምጃ ጀመረች ማለት ነው። ይዛኝ ልትሄድ የምትችለው ምስክር እኔ ነበርኩ። እኔ ግን ምስክር መሆኑን ትቼ ሰባኪ ሆንኩባት። ከእርሷ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ከዚያች ሴት ግን ምንም አልጠየቅሁም።

ዮሴፍንም ቢሆን በግማሹ ነው የነገርኳት። ዮሴፍ ወንድሞቹን ይቅር ብሏል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ገና ሲያያቸው አልተገለጠላቸውም። ይሁዳ ስለ ብንያም ራሱን ባሪያ አድርጎ እስኪያቀርብ ድረስ ልባቸው መለወጡን ፈተነ። ሲገለጥላቸውም የሸጡት ወንድማቸው መሆኑን በግልጽ ነገራቸው፤ "የሆነው ሁሉ ምንም አልነበረም" አላላቸውም። በኋላም በዘፍጥረት 50 ያሰቡበት ክፉ እንደነበር ስሙን ጠርቶ፣ እግዚአብሔር ግን ለመልካም እንደለወጠው ይናገራል። ክፉውን ክፉ ብሎ ነው ይቅር ያለው።

ዳዊትን ደግሞ እዩት። በ1ኛ ሳሙኤል 24 ሳኦል በዓይንጋዲ ዋሻ በእጁ ወደቀ። ዳዊት አልገደለውም፤ የልብሱን ጫፍ ብቻ ቆረጠ፣ ለዚያም ልቡ መታው። ከዚያ ፊት ለፊት ቆሞ በደሉን ነገረው። ሳኦል አለቀሰ። ምዕራፉ የሚያልቀው እንዴት ነው? ሳኦል ወደ ቤቱ ሄደ፤ ዳዊትና ሰዎቹ ወደ አምባቸው ወጡ። ዳዊት የሳኦልን እንባ አልናቀም፤ ግን ጦር ወደተወረወረበት ቤት አልተመለሰም። ይቅር ብሎ ወጣ። "ዳዊት ቂም ይዟል" የሚል ሰባኪ እስካሁን አልሰማሁም።

ቋንቋችን ሁለት ቃል ሰጥቶናል፤ ይቅርታና እርቅ። እኛ ብዙ ጊዜ አንድ እናደርጋቸዋለን። ይቅርታ የአንድ ሰው ሥራ ነው። በዳዩ ቢጠይቅም ባይጠይቅም፣ ቢኖርም ቢሞትም፣ የተበደለው ሰው በልቡ በእግዚአብሔር ፊት የሚያደርገው ነው። በቀሉን ለእግዚአብሔር ትቶ እጁን ባዶ ማድረግ ነው። እርቅ ግን ሁለት ሰው ይፈልጋል። በአገራችን ደም የፈሰሰበት ጠብ በሽማግሌ ሲታረቅ አይታችሁ ወይም ሰምታችሁ ይሆናል። ገዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ወድቆ ይለምናል። ካሣ ይቆረጣል። ሽማግሌዎቹ የሟችን ወገን "በቃ እርሱት" ብለው አይጀምሩም፤ የሆነው ነገር መጀመሪያ በሸንጎው ፊት ይነገራል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ያሉ አባቶች እርቅ በመርሳት እንደማይቆም ያውቁ ነበር። እኛ በቤተ ክርስቲያን ከእነርሱ ያነሰ ጥንቃቄ ማድረግ የለብንም።

እንግዲህ ለዚያች እህታችን ጥያቄ መልሴ ይህ ነው። ትታት ስለሄደች ይቅርታዋ አልጎደለም። የሄደችው ድንጋይ ተሸክሞ የመጣ ሰው ስላልነበረ ነው። ይቅር ያለችው ደግሞ ያንን ቤት በልቧ ተሸክማ ቤተ መንግሥት ላለመግባት ነው። ሰው ከቤት ወጥቶ ከቂም ሳይወጣ ሊቀር ይችላል፤ ዓይን የሚያወጡት የግሪም ርግቦች ሠርጉ ድረስ ተከትለውት ይመጣሉ።

አንድ ፍርሃት አለኝና ሳልናገረው አላልፍም። ይህን አንብቦ የተቆጣውን ሁሉ ትቶ የሚሄድ ሰው እንዳይኖር። አባት ስልክህን ቀንስ ስላለህ፣ እናት ውኃ ቅጂ ስላለችሽ ሲንደሬላ አትሆኑም። ሥራ በደል አይደለም፤ ተግሣጽም ጥላቻ አይደለም። ልዩነቱን ለብቻችሁ መለየት ካቃታችሁ የምታምኑትን ታላቅ ሰው ጠይቁ። ጌታ አንድ ወይም ሁለት ሰው ያለው አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል፤ በደላችን በራሳችን ዓይን ከልኩ ሊበልጥም ሊያንስም ይችላልና።

ሌላም አለ። ከሁለቱ ፊልሞች አንዱ ሥዕል፣ አንዱ ሰው መሆኑን አትርሱ። በዚህ ዘመን በየስልካችን ሰውን ሥዕል ማድረግ ቀላል ሆኗል። የጎረቤት መንደር፣ የሌላ ወገን፣ የተጣላን ዘመድ፣ ሁሉንም አረንጓዴ ዓይን እንሰጣቸዋለን። የሚያስፈልገንን መስመር እንወስዳለን፣ ሐዘናቸውን እንተዋለን። ያቺ የሠዓሊዎቹ እንጀራ እናት እንኳ መነሻዋ ኤሌኖር ኦድሊ ነበረች፤ ከሥዕሉ ኋላ ሰው ነበረ። የበደለንን ሰው መልሰን ሰው አድርገን እስክናይ ድረስ ይቅርታ አይጀምርም። ሰው ነው ብለን ስላየነው ደግሞ በደሉን አንሰርዝለትም፤ ሥዕል አይጠየቅም፣ ሰው ግን ይጠየቃል።

ይህን ጽሑፍ ከመጻፌ በፊት ያችን የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ፈለግኳት። ዛሬ ልጅ አይደለችም። ስልኳን ከዘመዶቿ አግኝቼ ደወልኩ። ማን እንደሆንኩ ስነግራት አወቀችኝ። ያን ቀን የነገርኳት ትክክል እንዳልነበረ፣ አብሬያት ልሄድ ሲገባኝ ብቻዋን እንደመለስኳት፣ ስለዚህም ይቅርታ እንደምጠይቃት ነገርኳት። ዝም አለች። ከጀርባዋ የሕፃን ድምፅ ይሰማል።

"ቆየ እኮ፣ ጋሼ" አለችኝ። ከዚያም ሕፃኑ እያለቀሰ እንደሆነ ነግራኝ ደኅና ዋል ብላ ዘጋችው።

ይህ ይቅርታ ይሁን አይሁን አላውቅም። ይቅር በይኝ ብዬ ደጋግሜ ልደውልላትም አልችልም፤ ይቅርታን ከሰው በግድ ማውጣት ምን እንደሆነ ያን ጊዜ አይቼዋለሁ። ድንጋዩን የተሸከምኩት እኔ ነኝና መቼ እንደሚወርድ የምትወስነው እርሷ ናት።

እናንተ ግን አሁን ዘመድ ቤት ያላችሁ፣ ሌሊት የምትነሡ፣ ደብተራችሁ የተቃጠለ ካላችሁ ከጥናቱ በኋላ ቆዩ። ማቴዎስ 18ን አብረን እንከፍታለን፤ በዚህ ጊዜ ከቁጥር አንድ እንጀምራለን። ከዚያም ጫማዬን አጥልቄ አብሬአችሁ እሄዳለሁ።